የኤዶ ፋጡማ ወገብና የኋላው ሞላ

ሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬም የኤዶን ወገብ መታሁት። የመታው ሞተር ሳይክሉ ነው፤ ግን የምነዳው እኔ ስለሆንኩ ያው እኔ ነኝ። ጀልዴሳ መንደር ከመድረሳችን በፊት፣ ሁለተኛውን ደረቅ ወንዝ ተሻግረን ስንወጣ ያለችው ጉድጓድ ናት። አውቃታለሁ። በየሳምንቱ አያታለሁ። ዛሬ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነበረችና ዘግይቼ አየኋት። የኋላው ጎማ ገባ፣ ወጣ፣ ከኋላዬ "ኡፍ!" ሲባል ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም።

ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ። ኤዶ ፋጡማ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

ወርዳ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ። እኔ ሞተሩን እየገፋሁ ከኋላ ከኋላዋ። "ኤዶ፣ ቦርሳውን ልያዝልሽ" ብላት "ወሪያ፣ አንተ አህያህን ያዝ" አለችኝ።

ወሪያ በሶማልኛ አንተ ማለት ነው፣ ኤዶ ደግሞ አክስት። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት፤ ግማሹን ያዋለደችው እሷ ናት። መጀመሪያ ስንገናኝ አንቱ ብያት "ስንት ሆኜ ነው?" ብላ ከለከለችኝ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይበረክትም። አሁን ለጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤታችን ገጠር እየወጣች ታዋልዳለች፤ እኔ የክትባት ሳጥን አመላላሽ ነኝ። ላንድሮቨሩ ሞተሩ ወርዶ በድንጋይ ላይ ከቆመ ጀምሮ እሷንም የማመላልሰው እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ "እኔ በሞተር አደርሳታለሁ" አልኩ፣ ተጨበጨበ። ይኸው።

ጀልዴሳ ውስጥ ሐዋ የምትባል ሴት አለች። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱም ሞተውባታል። የመጀመሪያው ወደ ከተማ ሲያመጧት መንገድ ላይ፣ በግመል ጀርባ። ሁለተኛው ቤቷ ውስጥ፣ የሚደርስላት ሰው ጠፍቶ። አሁን ሦስተኛውን ልትወልድ ነው። "ከቤቴ አልወጣም፣ የኤዶ እጅ ካልሆነ ማንም አይነካኝም" ብላለች። ዛሬ ኤዶ ሆዷን ዳብሳ ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል አለች። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ወይም በሚቀጥለው መጀመሪያ ትወልዳለች።

ስንመለስ እግረኛ እየቀደመን ነው የነዳሁት። በሯ ላይ ስትወርድ "ግርማ ልጄ፣ አንተን እወድሃለሁ። ይሄ ብረት ግን አንድ ጊዜ እንደዛሬው ከመታኝ ሁለተኛ አልወጣበትም" አለችኝ።

አንድ ጊዜ ነው የቀረኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ጠዋት ጓድ ታደለ ጋ ገባሁ፤ የክፍላችን ኃላፊ ነው። ሌላ መኪና? የለም። የጭነት መኪና? ወደዚያ የሚሄደው በገበያ ቀን ነው፣ ምጥ ደግሞ ገበያ አይጠብቅም። ተጨማሪ የቤንዚን ኩፖን? ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ "ሴትዮዋ ካልቻለች ጀልዴሳን ከፕሮግራሙ እናወጣዋለን፣ ምን ይደረግ" አለኝ። እንደ ቀላል ነገር። በእርሳስ የሚሰረዝ መስመር አድርጎ።

አይወጣም። በልቤ ነው ያልኩት፤ ግን ጠንከር አድርጌ ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ግቢ ውስጥ አቁሜ ከሥሩ ተኛሁ። የኋላው ጎማ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሞላ አለው። ከእያንዳንዱ ሞላ ሥር የምትዞር የብረት ቀለበት አለች፤ ቀለበቷ አምስት ጥርስ አላት። ወደ አንድ ስትዞር ሞላው ይላላል፣ ወደ አምስት ስትዞር ይጠብቃል። ሦስት ዓመት ስነዳው ነክቼያት አላውቅም። ሁለቱም ሦስተኛው ላይ ናቸው።

ምክር ጠየቅሁ። የሰጡኝን ልጻፍ፦
— የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፦ አላላው።
— የብስክሌት ጠጋኙ፦ አላላው፣ ከጎማውም ነፋስ ቀንስ።
— ጎረቤታችን የታክሲ ሹፌር፦ አቦ ይሄም ይጠየቃል? አላላው!

ሁሉም አንድ ቃል ከሆነ ምን እከራከራለሁ። የግራውን በመዶሻና በካቻቢቴ እየመታሁ ወደ አንደኛው አወረድኩት። የቀኙ ዝጓል፤ እየማልኩ እየተገዘትኩ ከብዙ ልፋት በኋላ ወረደ። አውራ ጣቴ ተልጧል። ከጎማውም ነፋስ ቀነስኩ።

አልማዝን "ነይ ውጪ፣ አንድ ዙር" አልኳት። ባለቤቴ ሞተር ላይ መውጣት ትወዳለች። ወገቤን እቅፍ አድርጋ ተለጠፈችብኝና በከዚራ ሰፈር ጥላ ጥላውን ዞረን መጣን። ሆን ብዬ ሁለት ጉድባ ላይ ነዳሁባት። "እንዴት ነው?" ስላት "ፍራሽ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ" አለች።

ተገላገልኩ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሦስት ዓመት አለማድረጌ!

ረቡዕ፣ ጥር 15

ኤዶ ቤት ሄድኩ። በወተት የፈላ ሻይ አስቀዳችልኝ። ወገቧን በሻሽ ጠፍንጋ አስራለች፤ ስትቀመጥ ግድግዳውን ይዛ ነው። እንዳላስተውል ወዲያው ማውራት ጀመረች።

ሞላውን እንዳስተካከልኩት ነገርኳት። "ማነው የሞከረው?" አለች። አልማዝ አልኩ። ትንሽ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል ነበር፣ ተወችው።

ነገ መልካ ጀብዱ መንደር እርጉዞችን የምታይበት ቀኗ ነው። "እስከዚያ እንሞክረው" አልኩ። "ሀዬ" አለች። እሺ ማለት ነው።

ቤንዚን ጀልዴሳ ደርሶ መመለሻና ትንሽ ብልጫ ነው ያለኝ። ነገ ብልጫው ያልቃል።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር።

ከከተማ ስንወጣ ጥሩ ነበር። እንዲያውም ከኋላዬ "ወሪያ ግርማ፣ ዛሬ ሰው ሆነሃል" አለችኝ። ደረቴ ተነፋ። መልካ ጀብዱ ልንገባ ስንል መንገዱን የሚያቋርጥ የጎርፍ ቦይ አለ፤ ጥልቅ አይደለም፣ ቀስ ብዬም ነው የገባሁበት። ጓ! ብረት ብረትን ሲመታ ነው። ያለፈው ሰኞ የመታት መንገዱ ነበር፣ ዛሬ የመታት ራሱ ሞተሩ ነው። ከመቀመጫው ተነስታ ስትመለስ ሰማኋት።

አቆምኩ። ወረደች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኤዶን እንባ አቅርራ አይቻት አላውቅም።

"አልጋ አነጥፍልሻለሁ ብለህ ድንጋይ አነጠፍክልኝ" አለች። ከዚያ "ወላሂ በዚህ ብረት ሁለተኛ አልሄድም።"

እሷ ወላሂ ካለች አለች። ከሰዓት በጭነት መኪና ጋቢና ተለምኖላት ተመለሰች። እኔ ባዶ ሞተር እየነዳሁ ከመኪናው ኋላ አቧራውን እየበላሁ ገባሁ። የሚገባኝ ነው።

ማታ ራት አልበላ አልኩ። አባባ ጠጋ አለኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በባቡር ጥገና ነው የኖረ፤ የፉርጎ ሞላ ሲያፈርስና ሲገጥም ጡረታ ወጣ። ማክሰኞ ሰው ሁሉ ስጠይቅ እሱን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ "እኔ ሳልነካው አትንካው" እንዳይለኝ ነው።

ነገርኩት። የመጀመሪያ ጥያቄው "ማንን አስቀምጠህ ሞከርክ?" የሚል ነበር።

"አልማዝን።"

እስኪያስለው ሳቀ። "አልማዝማ ከነጫማዋ ምን ትመዝናለች! ሴትዮዋን አይተሃታል?"

አይቻታለሁ። ኤዶ ወፍራም ናት፣ ግርማ ሞገስ ያላት ሴት ናት። ግን ይህ የሚጻፍ እንጂ የሚነገር ነገር አይደለም።

"ሞላ ስታላላው በክብደት ተጨፍልቆ ቶሎ ያልቃል" አለኝ አባባ። "ካለቀ በኋላ ሞላ የለም፣ ብረት ብቻ ነው። አንተ ምቾት ጨመርኩ ብለህ ሞላውን ነው የነጠቅካት።" ቀጥሎ፣ "እሺ፣ የት ላይ ነው የምትቀመጠው?"

"ከኋላዬ።"

"ከኋላህ የት?"

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ኤዶ እንደ አልማዝ አትለጠፍብኝም። የወንድ ጀርባ አትነካም፤ በልጇ ዕድሜ ብሆንም አትነካም። ሁልጊዜ ቦርሳዋን በእኔና በእሷ መሃል ታስቀምጣለች። መቀመጫውን ቦርሳው ይይዘዋል፣ እሷ ወደ ኋላ ተገፍታ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ የፖርቶመጋላው ብረት ላይ ነው የምትውለው፤ እጇም የፖርቶመጋላውን ጠርዝ ነው የሚይዘው። ከኋላው ጎማ መሃልም አልፋ ማለት ነው። ሙሉ ክብደቷ ጅራቱ ላይ።

ሦስት ወር ሙሉ ሳመላልሳት አይቼዋለሁ። አንድም ቀን አላሰብኩትም።

"ወደ ፊት ጠጋ በይ በላታ" አለች አልማዝ። ይህ ቃል ከአፌ አይወጣም። ቢወጣም እሷ አትጠጋም። ሞላው ነው ወዳለችበት መሄድ ያለበት።

ራቴን በላሁ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ክብደቷን ማወቅ አለብኝ። እንዴት ይጠየቃል?

ጠዋት ኤዶ ቤት ሄጄ ዙሪያ ጥምጥም ጀመርኩ። ወገቧ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ስለ አየሩ አወራን፣ ከዚያ "ኤዶ፣ እህል መጋዘን ያለው ሚዛን አዲስ ነው አሉ" አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ወዲያው ገባት። "ሰው እንደ ቡና አይመዘንም" አለችኝ። "በዓይን ልታስበላኝ ነው? አቦ ሂድ!"

ሄድኩ። አባባ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "ኪሎዋን ማን ጠየቀህ? ስንት እንደሚሰምጥ ነው ማወቅ ያለብህ።" እነሱ ፉርጎ ሲጭኑ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት፤ ሞላው ምን ያህል እንደተጫነ በዱላ ይለኩ ነበር፤ ጭነቱ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲባጎ አመጣና አሳየኝ። ከጎማው መሃል ካለው ብሎን እስከ ጭቃ መከላከያው፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። ባዶውን ሲሆን አንድ ቋጠሮ፤ ሰው ሲቀመጥበት ሌላ ቋጠሮ። በኋላ በእሷ ቦታ አሸዋ እየጨመሩ ቋጠሮው ላይ መድረስ ነው።

ግን አንድ ጊዜ መቀመጥ አለባት። ወላሂ ብላለች።

ከሰዓት ሞተሩን እየገፋን ሄድን፤ እኔ፣ አልማዝ፣ አባባ በከዘራው። ቤንዚን ላለመጨረስ ነው የገፋሁት። አባባ ራሱ ነው የነገራት፣ አሳጥሮ፦ ለሐዋ ነው፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ለአፍታ ብቻ።

ኤዶ ሞተሩን አየችው። እኔን አየችኝ። "አልሄድም ነው ያልኩት" አለች በመጨረሻ። "አልቀመጥም አላልኩም።"

ቦርሳዋን አስመጣች። እንደ ሁልጊዜው ከኋላዬ አኖረችውና ከእሱ ኋላ ተቀመጠች። ሞተሩ ከሥሬ ተንፍሶ ሲወርድ ተሰማኝ። አልማዝ ተንበርክካ ሲባጎውን ዘረጋች። የሰፈሩ ሴቶች በየበሩ ወጡ። ኤዶ አንገቷን አዙራ አልማዝን ስታያት "እናንተ፣ ለከፈን ነው የምትለኩኝ?" አለች፣ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷም ሳቀች። ስትስቅ ወገቧን ያዘች።

ቋጠሮው ተቋጠረ። በባዶው ቋጠሮና በዚህኛው መሃል ስንት ጣት እንዳለ አልጽፍም።

ማታ ግቢያችን ውስጥ፣ እኔ ተቀምጬ፣ አልማዝ ሲባጎውን ይዛ፣ አባባ ፖርቶመጋላው ላይ በታሰረ ጆንያ ውስጥ በቆርቆሮ አሸዋ እየጨመረ። አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ ነው ያመጣሁት። ቋጠሮው ላይ ስንደርስ ጆንያው ሊተረተር ነበር። አልማዝ "ስንት ኪሎ ይሆናል?" አለች። አልመዝነውም አልኩ። የኤዶ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ዛሬ ሠራሁ። በደንብ ሠራሁ።

አባባ ከቁራጭ ብረት መንጠቆ ያለው መፍቻ አበጀልኝ፤ ቀለበቷን ጥርሷን ይዞ ያዞራታል። መዶሻ ቀረ። የቀኙን ቀለበት ከጠዋት ጀምሮ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፌው ስለነበር እንደ ክዳን ዞረ። የጎማዎቹን ነፋስም መለስኩ።

ችግሩ አሸዋ አይናገርም። ጎረበጠኝ፣ አመመኝ አይልም። ለዚህ መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ አባባ አይደለም፤ ይመዝገብልኝ። የአልማዝን ትልቁን ኩባያ ውሃ ሞልቼ ጆንያው አናት ላይ አሰርኩት። ጉድባውን ካለፍኩ በኋላ የቀረውን ውሃ ማየት ነው። አልማዝ ኩባያዋን ስታይ ምን እንዳለች አልጽፍም።

ወንዙ ዳር ያለውን ቁልቁለት ሞተሩን ሳላስነሳ ለቀቅኩት፤ ታች ያለችው ጉድጓድ የጀልዴሳዋ እህት ናት። ከዚያ ወደ ላይ መግፋት። ከነአሸዋው። ሰባት ጊዜ። ሸሚዜ በላብ ርሷል።

አንደኛው ጥርስ፦ ጓ! የሐሙሱ ድምፅ። ኩባያው ባዶ።

ሦስተኛው፦ ብረት ነካ፣ ግን ቀስ ብሎ። ከግማሽ በታች ቀረ።

አምስተኛው፦ አልነካም። ግን ጆንያው ዘለለ፣ ውሃውም ዘለለ። ያለቀ ሞላ መጥፎ ነው፣ እምቢ ያለ ሞላም መጥፎ ነው።

አራተኛው፦ ገባ፣ ተነፈሰ፣ ወጣ። ድምፅ የለም። ውሃው ከግማሽ በላይ አለ።

አላመንኩም። አራተኛውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው ኩባያው ጫፍ ድረስ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ብቻዬን ቁልቁለቱ ላይ ጮህኩ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ።

ፖርቶመጋላው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ደርቤ በጎማ አሰርኩ። ብረት ላይ ነበር ያስቀመጥኳት፤ ሦስት ወር ሙሉ።

አንድ መጥፎ ነገር፦ በቀኙ ሞላ መሃል ያለው፣ ዝላዩን የሚያበርደው ቱቦ ዘይት ማልቀስ ጀምሯል። ጠረግኩት። ከሰዓት በኋላ ሳየው ረጥቧል። መለዋወጫ ሀገር ውስጥ የለም።

ደግሞ ዋናው፦ ሞላው ተስተካከለ፣ ወላሂው አልተነሳም።

እሑድ፣ ጥር 19

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስወጣ በሩ ላይ ጅብሪል ቆሟል። የሐዋ ባል ነው። ከሌሊት ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣ፤ ሽርጡ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። "ጀምሯታል" አለኝ። መጀመሪያ ቤቴ ሄዶ ሲያጣኝ ቤተ ክርስቲያን እንዳለሁ ነግረውት ነው።

ሞተሩን ከቤት አወጣሁና አብረን ወደ ኤዶ ሄድን። ኤዶ ሰማች። ሞተሩን በበሩ በኩል አየችው፤ ብርድ ልብሱን አየች። እኔ ስለ አራተኛው ጥርስ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ኩባያው አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኳት። "ኤዶ፣ ከመታሽ እዚያው መንገድ ላይ ሞተሩን ጥዬው አብሬሽ በእግሬ እሄዳለሁ" አልኳት።

"ወላሂ ብያለሁ" አለች። ለእኔ አልነበረም፣ ለራሷ ነው። ከዚያ ተነሳች። "መሐላ ያፈረሰ አሥር ድሃ ያበላል፤ እኔ አልችልም። ሦስት ቀን እጾማለሁ። አላህ መሐሪ ነው።" ቦርሳዋን አነሳች።

እሑድ ያለ ፈቃድ ወረቀት መንዳት አይቻልም። ጓድ ታደለን ቤቱ ሄጄ ብፈልገው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። መጠበቅ አልቻልኩም። ልንሄድ ነው። ጅብሪል ከሰዓት በኋላ በሚነሳ የጨው ግመል ተከትሎ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ቤት ተመልሼ አልማዝ ውሃ እስክትሞላልኝ ነው። አባባ ሁለቱንም ቀለበት በጣቱ ዳሰሰና "ሂድ" አለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ቤት ነኝ። ተኝቼ ተነሳሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ኬላው ላይ አስቆሙን። ፈቃድ አሉ። እኔ መንተባተብ ስጀምር ኤዶ ከኋላዬ "ፈቃዱ ጀልዴሳ ምጥ ይዞታል። ሄጄ ላምጣልህ?" አለችው። ጥበቃው እየሳቀ ገመዱን አወረደው።

የመጀመሪያው ደረቅ ወንዝ ደህና። ሁለተኛው አሸዋው ከበድ አለ፣ አለፍን። ከዚያ ጉድጓዷ። ፀሐይ ከጎን ነበረች፣ በደንብ አየኋት፣ ማምለጫ ግን የላትም፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው ገደል። በሁለተኛ ማርሽ ገባሁባት። የኋላው ወረደ። ጓ የሚለውን ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ወረደ፣ ቆየ፣ ወጣ። ምንም የለም።

ኤዶ ዝም። ትንሽ ቆይታ፣ "ግርማ፣ ያቺ ጉድጓድ የት ሄደች?"

"አልፈናታል።"

"ወላሂ?"

"አትማዪ!" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሞተሩ እስኪወዛወዝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ነው። ደጅ ላይ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ጅብሪል ሌሊት ላይ ደረሰ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ከውስጥ የኤዶ ድምፅ ይሰማል፤ በሶማልኛ፣ ዝግ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። ልጁን በእጇ እያዞረችው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ተንበርክካ፣ ጎንበስ ብላ፣ በዚያ ወገብ። ሐሙስ እንደመታኋት ብመታት ኖሮ መንበርከክ አትችልም ነበር። ይህን እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

ጎህ ሲቀድ ሐዋ ጮኸች። ከዚያ ፀጥታ ሆነ። ጅብሪል እጄን ያዘኝ፤ እንደያዘኝ ያወቀ አይመስለኝም። ፀጥታው ረዘመ። በጣም ረዘመ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ግመሉ አጠገብ፣ አንድ ጊዜ እዚህ ቦታ ተቀምጦ ይህንኑ ፀጥታ ሰምቷል። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የተናደደ ልቅሶ መጣ።

ሴት ናት። ሐዋም ደህና ናት። ጅብሪል ተነስቶ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ሄደና መቀመጫውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ግመል እንደሚመሰገን።

ወተት አመጡልን። እኔ ጠጣሁ። ኤዶ "ጾሜን ጀምሬያለሁ" ብላ እምቢ አለች። ከሌሊቱ ሁሉ በኋላ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ። ልለምናት ስል በዓይኗ አስቆመችኝ።

ልንነሳ ስንል ቦርሳዋን መሃላችን ታኖረዋለች ብዬ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ብዬ ጠበቅኳት። ቦርሳው በትከሻዬ አልፎ ወደ ፊቴ መጣ። "የቤንዚን ታንኩ ላይ አድርገው" አለችኝ። "ደክሞኛል፣ እጄ አይይዝም።" በቀበቶዬ በሁለት ጣቷ ያዘች። በሁለት ጣት ብቻ።

ጉድጓዷን አለፍን። ሁለተኛው ወንዝ፣ የመጀመሪያው ወንዝ። ከዚያ ሜዳው ላይ ስንወጣ ጀርባዬ ላይ የሆነ ነገር አረፈ። ዝንብ መስሎኝ ትከሻዬን ላራግፍ ነበር። ግንባሯ ነው። ጣቶቿ ሁለት አልነበሩም፣ ቀበቶዬን በሙሉ እጇ ጨብጣለች። ትተነፍሳለች፤ ረጋ ያለ፣ ከባድ ትንፋሽ። ተኝታለች።

እንዳትወድቅ በግራ እጄ እጇን ከቀበቶዬ ጋር አጥብቄ ይዤ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ። አህዮች ቀደሙን። አንድ እረኛ ሰላም ሊለኝ አፉን ሲከፍት ራሴን ነቅንቄ ዝም አሰኘሁት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደስ ብሎኝ ነው። ተደስቼ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ኬላው ጋ ስደርስ ነቃች። ወዲያው ቀና አለች፣ ሻሿን አስተካከለች። "ተኝቼ ነበር?"

"አይ።"

"ጥሩ" አለች።

አሁን ማታ ሊሆን ነው። የቀኙን ቱቦ ጠረግኩት፣ ዘይቱ ጨምሯል። ስንት ጉዞ እንደሚቆይ አላውቅም። ጓድ ታደለ ነገ ስለ ፈቃዱ ይጠይቀኛል፤ ልጅቷ ተወለደች እለዋለሁ። ጀልዴሳን ግን አይሰርዝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከወንዙ ወዲህ፣ ኤዶ ከተደገፈችብኝ በኋላ፣ የኋላው ትንሽ ጠንከር ብሎ ጎርበጥ አለኝ። መጀመሪያ ዘይቱ መሰለኝ። አባባን ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና "የት ላይ ተቀምጣ ነበር?" አለኝ። ገባኝ። ክብደቷ ወደ ፊት መጥቷል። እንደዚያ ከተቀመጠች አራተኛው ጥርስ ይበዛባታል፤ ሦስተኛው ነው የሚሆናት።

ሐሙስ መልካ ጀብዱ ስንሄድ ቦርሳው መሃላችን ይመለስ ይሆን፣ ወይስ ወደ ፊቴ ይመጣ ይሆን? መጠየቅ አይቻልም። ቀለበቶቹን አልነካኋቸውም። መፍቻውን ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ በሯ ላይ ስትወጣበት የት እንደምትቀመጥ አይቼ ቀለበቶቹን አዞራለሁ።